ወንድሜ አይርበውም

ከሸገር የወጣሁት በረመዳን፣ ልክ አፍጥረን እንደጨረስን ነው። ወሎ ሰፈር ቤታችን ሻንጣዬን እየዘጋሁ፣ ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ሳምቡሳውን ሳይነካ ቁጭ ብሎ ያየኛል። "ብላ እንጂ!" ስለው "አልራበኝም" አለ። ቀኑን ሙሉ ጾሞ! ከልጅነቱ ጀምሮ "ራበኝ" ብሎ አያውቅም፤ እማዬ ናት እየለመነች የምታጎርሰው። ታክሲው ሳይመጣ ደግሞ ጣለው። የሚጥል በሽታ አለበት። እማዬ እንደ ልማዷ ክብሪት ጭራ አፍንጫው ስር ያዘችለት። እኔም ያ የክብሪት ሽታ ልብሴ ላይ እንዳለ ቦሌ ኤርፖርት ገባሁ።

ጀርመን ብርዱ ለጉድ ነው፤ የኛ ሐምሌ እዚህ ቢመጣ በጋ ይሉታል። በጾም አከራዬ "ውሃም አትጠጪም? ቤቴ ውስጥ ብትሞቺ ወረቀቱን ማን ይሞላል?" አለችኝ። ወይ ጉድ! ጭንቋ ለወረቀቱ ነው።

ሥራዬ ላቦራቶሪ ውስጥ ሴሎችን መመገብ ነው። ሴል ውስጥ አንድ ላይ ተያይዘው የሚሠሩ ፕሮቲኖች አሉ፤ ከሥጋውም ከሽሮውም የሚገኘው አሚኖ አሲድ መኖር አለመኖሩን ይከታተላሉ። ሲጠፋ "በቃ፣ ማደግ ይቁም" የሚለው ጌተር ዋን የሚባለው ስብስብ ነው። አዲስ አበባ የሚያክመው ሐኪም ችግሩ እዚሁ ላይ መሆኑን ጠርጥሮ፣ ሰይድም ፈቅዶ፣ ከክንዱ የተወሰደች ትንሽ ቆዳ እኛ ዘንድ መጣች። ያ ስብስብ እሱ ላይ ጎደሎ ሆኖ ተገኘ፤ የሚጥለውም በዚሁ ነው። የሚበጀው መድኃኒት መኖሩን ለማየት ከቆዳው ያሳደግናቸውን ሴሎች አስቀድሞ ማስራብ ግድ ነው።

ሰኞ ጠዋት ምግባቸውን አነሳሁ። የሌሎች ሰዎች ሴሎች ጸጥ አሉ። የሰይድ ግን ምንም እንዳልጎደለባቸው ማደጋቸውን ቀጠሉ። ያኔ ክብሪት ሸተተኝ። ወላሂ፣ እሳት በማይገባበት ክፍል! አጠገቤ የምትሠራውን ልጅ ጠየቅኳት፤ ምንም አልሸተታትም።

ፈራሁ። ወጥቼ እማዬ ጋ ደወልኩ።

"አሁን ጥሎት ነበር" አለችኝ። "ክብሪቱ ገና እጄ ላይ ነው።"

"ነቃ?"

"ነቃ፣ አልሃምዱሊላህ። ግን አንቺ ልጅ፣ ራበኝ አለ። ሰይድ እኮ ነው! 'ዘሃራን ምግቤን ለምን አነሳችብኝ በያት' ይለኛል። ምን ልበለው?"

 ሴሎቹን እንደምናስርባቸው ለአንዳቸውም ነግሬ አላውቅም። መድኃኒቱ የሚሞከረው ደግሞ ገና በማግስቱ ነው፤ ለዚያ እንደገና ላስርበው ነው። ብተወው በሽታው ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ሊኖር ነው።

"እማዬ፣ ነገ ጠዋት ከአጠገቡ እንዳትለዪ" አልኳት። "ክብሪቱንም ያዢ።"

 ከኋላዋ የሰይድ ድምፅ መጣ፦

"ነገም ልታነሳብኝ ነው?"