ባለቤት ያጣው ቡላ ፈረስ

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ቃሊቲ።

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አባቴ የጋሪ ፈረሱ ከሞተበት ሁለት ወር ሆነው። ከዚያ ወዲህ ከቤት አልወጣም፤ ጋቢውን ተከናንቦ አለንጋውን እያሻሸ መቀመጥ ብቻ ሆኗል። ዛሬ ግን ሌላ ፈረስ ልገዛለት ስነሣ ቀና አለና "ቡላ ካልሆነ እንዳታመጣብኝ" አለኝ። የሞተውም ቡላ ነበር።

እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ስለ ፈረስ የማውቀው አራት እግር እንዳለው ነው። ስለዚህ አባቴ ያለኝን ሁሉ፣ ጥርሱን፣ ሰኮናውን፣ ጀርባውን እይ ያለኝን፣ በደብተር ጻፍኩ። ለብርዱ ከጎረቤት ካኪ ኮት ተውሼ ወጣሁ።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ጳውሎስ።

ሁለት አውቶቡስ፣ ከዚያ ውይይት ታክሲ። ጉልበቴ ላይ የሰው ዶሮ ተቀምጣ መጣች። ሻይና ቦምቦሊኖ በስሙኒ።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ከዊንጌት በላይ።

ከሱሉልታ የወረዱ ገበሬዎች ሜዳውን በፈረስ ሞልተውታል። ወዲያው አየሁት! ቡላ፣ ገለባ የመሰለ፣ ጋማና ጅራቱ ጥቁር። ገመዱን የያዙት ባለባርኔጣ ሽማግሌ ናቸው። ደብተሬን አውጥቼ "ይሄ ፈረስ የማን ነው?" አልኩ።

ሽማግሌው ገመዱን ለቀቁት። "የኔ አይደለም፣ ጓድ።"

"ታዲያ የማን ነው?"

"እንጃ።"

አጠገባቸው የቆመውን ጎልማሳ ጠየቅሁ። "ፈረስ? የቱ ፈረስ?" አለኝ። ፈረሱ ማጅራቱ ላይ እየተነፈሰበት!

ኧረ በማርያም! ሰኮናውን አይቼ ጻፍኩ፣ ጥርሱን አይቼ ጻፍኩ። ቀና ስል ሜዳው ግማሽ ሆኗል፤ ሰዉ ፈረሱን እየጎተተ ወደ ጋራው ይወጣል። ምን አጠፋሁ?

አምስት ሰዓት፣ ሜዳው ዳር ያለ የገመድ ሱቅ።

ባለሱቁ ሰዒድ ዙሪያውን ቃኝቶ ተጠጋኝ። "ወንድሜ፣ አትቆጣኝና... ማለቴ፣ ከየት መሥሪያ ቤት ነህ?"

"ፈረስ ልገዛ ነው የመጣሁት!"

"በካኪ? በደብተር?" ሳቁ አመለጠው። "የመንግሥት ሰው ሊመዘግብ መጣ ብለው እኮ ነው! የተመዘገበ ነገር መች ይመለሳል?"

በኀፍረት መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ኮቱን አውልቄ አጣጠፍኩ፤ ደብተሩንም ለስኳር መጠቅለያ ለሰዒድ ሰጠሁት። ይህን የምጽፈው እንግዲህ በትዝታ ነው። ሽማግሌውም ይህን አይተው ቀስ ብለው ተመለሱ። የአባቴን ነገር አጫወትኳቸው።

"አይ ልጄ! ይህን ቀድመህ አትናገርም?"

በዋጋው ብዙም አልተከራከርን። ገመዳቸውን ግን ፈትተው አስቀሩ፤ ገመዱ አብሮ ከሄደ በረቱ ባዶ ይቀራል አሉ። ከሰዒድ አዲስ ገመድ ገዛሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ቃሊቲ።

ከተማውን በእግሬ አቋርጬ፣ ተረከዜ ተልጦ፣ ሰፈር ደረስኩ። በራችን ሥር ካኪ የለበሰ፣ ደብተር የያዘ ሰው ቆሟል።

"ጓድ፣ ይሄ ፈረስ የማን ነው?"

"የኔ አይደለም" አልኩ።

ምን እንደነካኝ እስካሁን አላውቅም! ቃሉ ከአፌ ሾልኮ ወጣ።

"ባለቤት ከሌለው ወደ ቀበሌ ነዋ" ብሎ ገመዱን ያዘ።

በሩ ተበረገደ። አባቴ ያለ ጋቢ፣ በባዶ እግሩ፣ አለንጋውን ይዞ ደጅ ቆሟል።

"የኔ ነው!" አለ። "ጻፍ!"