አስብዮርን መጥበሻውን ያልጣለው ለምን ነበር

ቶርላይፍ መጀመሪያ የሕይወት አድን ጀልባ ከመርከብ ገመድ የሚንጠለጠልበትን መንጠቆ አሮጌ ቀለም በመፋቂያ ይልጠዋል። ከዚያ መጋጠሚያውን በላምባ ያርሰዋል፤ በሽቦ ብሩሽ ይፈትገዋል፤ በጨርቅ አድርቆ ግራሶውን በአውራ ጣቱ እየጠቀጠቀ ያስገባል። በመጨረሻ ማላቀቂያውን በአንድ ጣት ይስባል። ቀጭ ብሎ ካልተከፈተለት እንደገና ከመፋቂያው ይጀምራል። በኖርዌይዋ የወደብ ከተማ ሃውገሱንድ ባለው የጀልባ መጠገኛ ውስጥ እንደ እሱ መንጠቆ ላይ የሚቆይ ሠራተኛ የለም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስታይንሆልም በምትባል ነዳጅ ጫኝ መርከብ ላይ የመርከበኞች አለቃ ነበር። የከተማው መርከበኛ በዛገ መርከብ ወደብ መግባትን እንደ ነውር ስለሚቆጥር፣ ወደብ ሲቃረቡ ሁሉንም ነገር ነጭ ቀለም አስቀባ። የሕይወት አድን ጀልባውን መንጠቆዎች ግን ራሱ፣ ደግሞ ደጋግሞ ቀባቸው።

የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ የመታቸው በማግስቱ ነው። ባሕሩ ላይ ነዳጁ ሲነድ ጀልባዋን አወረዱ። የፊቱ መንጠቆ በስንት መከራ ተላቀቀ፤ የኋላው በደረቀ ቀለም ተጣብቆ እምቢ አለ። መርከቧ ጀልባዋን እየጎተተች ወደ እሳቱ ወሰደቻት። ያኔ አስብዮርን የሚባለው የመርከቧ ወጥ ቤት በእጁ በነበረው የብረት መጥበሻ መንጠቆውን ይቀጠቅጥ ጀመር። መንጠቆው ተላቀቀ፤ ተወርውሮ የተመለሰው የመንጠቆው ብረት ግን አስብዮርንን መትቶ ባሕር ውስጥ ጣለው።

ከዚያች ጀልባ ተርፎ ሃውገሱንድ የተመለሰው ቶርላይፍ ብቻ ነው። በሌላ ጀልባ የተረፉት መርከበኞች ከሩቅ ያዩት አስብዮርን መጥበሻ እንደያዘ ባሕር ሲገባ ብቻ ነበር፤ ወሬውም እንደዚያው ተወራ።

ከጦርነቱ በኋላ አንድ ቀን የአስብዮርን ሚስት ራግና እንደ ልማዷ ዓሣ ልትሸጥ መጠገኛው ገባች። አናጢው ኒልስ መምጣቷን አላየም።

«አስብዮርንማ ምን ሆነ? መጥበሻዬን ለጀርመን አልተውም ብሎ አብሮት ሰጠመ» አለ። ሰዎቹ ሳቁ።

ራግና ዓሣዋን መመዘን ቀጠለች። ለካ ለምዳዋለች። ቶርላይፍ መፋቂያውን አስቀመጠ።

«ኒልስ፣ ዝም በል» አለ። «በመጥበሻው ሲቀጠቅጥ የነበረው መንጠቆውን ነው። ቀለም ቀብቼ ያጣበቅሁት ደግሞ እኔ ነኝ።»

ሳቁ ቆመ። ራግና ቢላዋዋን በሽርጧ ጠረገች።

«ገበያ ላይ ሲስቁብኝ አጠገቤ ቆመህ እየሰማህ ዝም ብለሃል» አለችው።

አንገቱን ደፋ።

«ለእኔ መናገርህ አይበቃም። ለሳቁት ሁሉ ንገር» ብላው ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ለሚያገኘው ሁሉ ይናገራል፤ ዓይን ዓይኑን እያዩት። ለዚህ ጽሑፍ አንባቢም እንዲህ ብሏል፦ «መንጠቆ ቀለም አትቀቡ፤ ፍቃችሁ ግራሶ ቀቡት። በአስብዮርን የሚቀልድ ሰው ከሰማችሁም ዝም አትበሉ፤ ስሜን ጠርታችሁ እውነቱን ንገሩት።»