በርበሬ የቀነጠስኩበት ሳምንት

የልጄ አንገት ላይ እብጠት የወጣው በክረምት ነው። መጀመሪያ የጥርስ መስሎን ነበር። ጎረቤቴ «ቅቤ ቀቢው» አለችኝ፣ ቀባሁት። እንቁላል ሲያክል ጊዜ ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ ትንሽ ቆርጦ ናሙና ወሰደና ቦታውን በፕላስተር አሽጎ፣ «አዲስ አበባ ተልኮ ይመረመራል፤ በሚቀጥለው ሐሙስ ኑ» አለን።

«ክፉ ነገር ይሆን?» አልኩት።

«እናት፣ ውጤቱ ሳይመጣ ምንም ማለት አልችልም።»

ያ ቀንም ሐሙስ ነበር። ከሐሙስ እስከ ሐሙስ ስንት ቀን እንደሆነ እስከዚያ ድረስ የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

ዓርብ ቤት ዋልኩ። ልጄ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ደብተሯን ይዛ ትቀመጣለች፣ የኔ ዓይን ግን አንገቷ ላይ ነው። «እማ፣ አታፍጪብኝ» ትለኛለች። ዞር ብዬ ዕቃ አጥባለሁ። የታጠበውን መልሼ አጥባለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሻሼን አስሬ ወደ በርበሬ መጋዘን ሄድኩ።

ቡታጅራ ላይ በርበሬ ሲደርስ ነጋዴዎች ሴቶችን ያሠራሉ። ዛላው ከመስቃን ገጠር በጋሪ ይመጣል፣ ሸራ ላይ ይፈሳል፤ ሴቶቹ ዙሪያውን ተቀምጠን ጭራውን እንቀነጥሳለን፣ የነጣውን ከቀዩ እንለያለን። ሳላገባ በፊት ሠርቼበታለሁ፤ ካገባሁ በኋላ ግን የኔ ሥራ በገበያ ቀን ቆጮ መሸጥ ነው። የበርበሬው ብናኝ ዓይን ያቃጥላል፣ አፍንጫ ያስነጥሳል። እዚያ የማያለቅስ ሰው የለም። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ለዚሁ ነው። ቤት ባለቅስ ልጄ ታየኛለች። መንገድ ላይ ባለቅስ የሚያውቀኝ ሁሉ ያቆመኛል። እዚያ ግን ቀኑን ሙሉ ቢያለቅሱ «ምን ሆንሽ?» የሚል የለም።

መንገዱንም ወደድኩት። በየቀኑ አንድ ዓይነት ነው። ባጃጆቹ አስፋልቱ ዳር ተሰልፈው «መናኸሪያ! መናኸሪያ!» ይላሉ። ጠራጊዎቹ አቧራውን ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ይገፋሉ። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ተማሪዎች ይጋፋሉ። አንድ ባለሱቅ አለ፣ የብረት በሩን ሲከፍት መሃል ላይ ይያዝበታል፤ በእርግጫ ይለዋል። ያችን እርግጫ ሳልሰማ አላልፍም ነበር። ስሰማት ትንሽ ቀለል ይለኛል፤ ቢያንስ ይሄ እንዳለ ነው እላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ እናደዳለሁ። የኔ ልጅ እንዲህ ሆና ሳለ ይህ ሰው ዛሬም በሩን ይራገጣል?

መጋዘኑ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጡት አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ አፋቸው አያርፍም። እሑድ ዕለት እንባዬን አይተው፣ «አንቺ ሴትዮ፣ በርበሬውን አራስሽው እኮ! ነጋዴው ደስ ይለዋል፣ ኪሎው ይጨምርለታል» አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ሳቁ ለቅሶውን አላቆመውም።

ሰኞ ከሰዓት የሠራሁትን ስሕተት እስካሁን ራሴን ይቅር አላልኩበትም። በርበሬ የነካ እጅ መጀመሪያ በዘይት ይታሻል፣ ከዚያ ነው በሳሙና የሚታጠበው። ይህን የማያውቅ የለም። እኔ ግን ቤት ስገባ የልጄ ፕላስተር ተላቆ አየሁ፤ ደነገጥኩና እጄን በውሃ ብቻ ለቅለቅ አድርጌ፣ «ነይ ልቀይርልሽ» አልኳት። ጣቴ ቁስሉን እንደነካ ጩኸቷን አቀለጠችው። ጨርቅ በወተት ነክሬ ዙሪያውን አበስኩላት፤ አራገብኩላት፤ እጄን ልቆርጠው ደርሼ ነበር።

በረድ ሲልላት፣ «አንቺ ቆጮ ሻጭ ነሽ፤ ከበርበሬ ጋር ምን አገናኘሽ?» አለችኝ።

«ሥራ ነዋ።»

«ለማልቀስ ነው የምትሄጂው። ዓይንሽን እያየሁት ነው፣ እማ። እኔስ? እኔ የት ሄጄ ላልቅስ?»

ፕላስተሩን ራሷ ለጠፈችው።

ማክሰኞ አፍሬም ቢሆን ሄድኩ። ስደርስ በርበሬው በአይሱዙ ተጭኖ ሄዷል፤ ሸራው ላይ የፈሰሰው ቦሎቄ ነው። ቦሎቄ ዓይን አያቃጥልም። አንገቴን ደፍቼ ጠጠሩን እለቅማለሁ፣ ከንፈሬን እነክሳለሁ። አልሆነልኝም። አንዱ እንባ ሲወርድ ሌላው ተከተለው። በዙሪያዬ ያሉት እጆች ሁሉ ቆሙ።

«ቦሎቄም ያስለቅሳል» አሉ አሮጊቷ፤ የሳቀ የለም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ልጅሽ አንገቷን አሽጋ ዳቦ ስትገዛ አይተናታል። ቡታጅራ ላይ ምን ይደበቃል? አንቺ እስክትናገሪ ነው የጠበቅነው» አሉኝ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ሁሉም «አሚን» አሉ። ሥራው ቀጠለ።

ረቡዕ አልሄድኩም። በሩን ዘግቼ ከልጄ ጎን ተቀመጥኩ። ጭኔ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ ረጅም ጊዜ። እኔ አላለቀስኩም። ተራው የእሷ ነበር።

ሐሙስ ሐኪሙ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። «አባቷ አብሯችሁ የለም?» ሲል ያን ጊዜ ገባኝ። ካንሰር ነው አለ። የሚታከም ዓይነት ነው፣ ግን መዘግየት የለም፣ በቶሎ አዲስ አበባ ሂዱ አለ። ሌላም ብዙ ተናገረ፤ እኔ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው ያየሁት። ልጄ ግን ትጠይቅ ነበር፤ ስንት ወር ይፈጃል፣ ትምህርቴስ፣ ፀጉሬስ። ሐኪሙ የፀጉሯ ጥያቄ ላይ ሲደርስ ወረቀቱን እያየ መለሰላት።

ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። አባቷ መርካቶ ነው የሚሠራው፤ አገር ቤት የሚመጣው ለአረፋ ነው። ልጄ እርግጡን ሳናውቅ አናስደነግጠው ብላ እስከዚያ ቀን እንዳልነግረው አስምላኝ ነበር። ደወልኩ።

«ኧረ ሴትዮዋ!» አለ በጫጫታው መሃል እየጮኸ። «በሥራ ሰዓት! ምነው፣ ናፈቅኩሽ እንዴ?»

አፌን ከፈትኩ። ስሙን ጠራሁት። «ሄሎ? ሄሎ? ኔትወርክ ነው?» ይላል። ልጄ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«አባ፣ እኔ ነኝ» አለች። «ዕቃውን አስቀምጥና ቁጭ በል። ተቀምጠሃል?»

ከዚያ ራሷ ነገረችው፤ በቀስታ፣ ለሕፃን እንደሚነገር። ስትጨርስ ከስልኩ ውስጥ የመርካቶ ጫጫታ ብቻ ይሰማ ነበር። «አባ፣ አለህ?» አለች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ጫን አድርጋ ደግማ፣ «አባ?»