ሁለት ሳምንት ብሎን ነበር

የሻንጣ ዚፕ ሲዘጋ የሚያሰማው ድምፅ ያደክመኛል። ትናንት ከሰዓት እዚሁ ሪያድ፣ ነሲም ሰፈር በምሠራበት ቤት፣ የልጆቹን ልብስ አጣጥፌ ስጨርስ ሻንጣው አልዘጋ አለኝ። ትንሿ ልጅ ላዩ ላይ ወጥታ ተቀመጠችልኝ። ትምህርት ገና መሃል ላይ ነው። ከትምህርት ቤታቸው ተደውሎ ማዳም "አንድ ሳምንት ምን አላት፣ ተመልሰው ይደርሱበታል" ስትል ሰምቻለሁ። ልጅቷ ግን የጠየቀችው እኔን ነው።

"ለፈተናው እንደርሳለን አይደል?" አለችኝ በአረብኛ።

"ትደርሳላችሁ" አልኳት። እነሱ ይደርሳሉ።

ዚፑን ስቤ ዘጋሁና ወገቤን ይዤ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። አዲስ ሻንጣ ፀሐይ ያገኘው የመኪና ወንበር ዓይነት ሽታ አለው። ያ ሽታ ነው ይዞኝ የሄደው።

እኔ እኮ እዚህ ከተማ ነው ያደግኩት፣ እህቴ። አረብኛዬን ሰምተሽ የገረመሽ ለዚያ ነው። ጀራዲያ ሰፈር ውስጥ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ጠባብ ክፍሎች ነበሩን። በመስኮቱ በኩል የጎረቤት ኤሲ ውሃ ቀኑን ሙሉ ሲንጠባጠብ ይሰማል። አባቴ የአንድ ሳዑዲ ቤተሰብ ሹፌር ነበር። ማልዶ የእነሱን ልጆች ያደርስና፣ ከፊሉ፣ አሠሪው ማለት ነው፣ ስለፈቀደለት፣ በዚያው መኪና እኔንና ታናሽ ወንድሜን የሐበሻ ልጆች ወደሚማሩበት ትምህርት ቤት ይወስደናል። ዝምተኛ ሰው ነበር። ከቤት ውጭ "ሓድር"፣ እሺ ጌታዬ እንደማለት፣ ከምትለዋ ቃል ሌላ የሚያውቅ አይመስልም። በአንድ ነገር ብቻ ድምፁ ይጠነክራል፤ ከትምህርት መቅረት አይወድም። ትኩሳት ይዞኝ እንኳ ግንባሬን በመዳፉ ነካ አድርጎ "ክፍል ውስጥ ይለቅሻል" ብሎ ወስዶኛል።

ስለዚህ አንድ ቀን እራት ላይ "የሁለት ሳምንት እረፍት ሰጥተውኛል፤ ሁላችንም ሀገር ቤት እንሄዳለን" ሲል ጆሮዬን አላመንኩም። ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ፈተናውም እየደረሰ ነበር።

"ትምህርትስ፣ ባባ?" አልኩት።

"ትምህርቱ ይጠብቃል" አለ፣ ሳህኑን እያየ።

ወንድሜ ፍራሹ ላይ ይዘል ጀመር። እናቴ "ተው፣ ታች ያሉት ይሰማሉ" አለችው። እኔን ግን ከደስታው ይልቅ ኩራቱ ነበር የያዘኝ። የከፊሉ ልጆች በትምህርት መሃል ወጥተው ባሕር ሊዋኙ፣ በረዶ ሊያዩ ሲሄዱ ኤርፖርት የሚያደርሳቸው አባቴ ነበር። አሁን ተራው የእኛ ሆነ አልኩ በልቤ።

በማግስቱ አባቴ ክፍላችን ድረስ መጥቶ መምህሬን በሩ ላይ አነጋገራት። ቁጡ ሴት ነበረች። "ፈተናው እኮ ደረሰ፣ መቼ ነው የምትመልሳቸው?" ስትለው ሰማሁ።

"ኢንሻአላህ" አለ። ቀን አልነገራትም።

ጥቂት አየችውና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እናንተም?" አለችው። አባቴ ራሱን ነቀነቀ።

በዚያ ሰሞን ለቤተሰብ ኢቃማ፣ ለመኖሪያ ፈቃዱ፣ የሚጠየቀው ክፍያ ከብዶ ብዙ አባት ሚስቱንና ልጆቹን ወደ ሀገር ይመልስ ነበር። ይህ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ክፍላችን ውስጥ ወንበሮች እየተለቀቁ ሲሄዱ እኔ ልጆቹ ትምህርት ቤት የቀየሩ ይመስለኝ ነበር።

መምህሬ ተመልሳ ገብታ አጠገቤ ቆመችና ጎንበስ ብላ ራሴን ሳመችኝ። ፊደልሽ እንደ ዶሮ ጭረት ነው እያለች ስትቆጣኝ የኖረች ሴት ናት። "ጽሑፍሽን አሳምሪ" ብቻ አለችኝና ፊቷን ወደ ሰሌዳው መለሰች። አብራኝ ለምትቀመጠው ጓደኛዬ "ቦታዬን ለማንም እንዳትሰጪ" አልኳት። "ያላ፣ ቶሎ ነይ" አለችኝ።

እናቴ ዕቃ ስታዘጋጅ ወፍራሞቹን ብርድ ልብሶች ሁሉ አወረደች። ግድግዳው ላይ የነበረውን የእኔንና የወንድሜን ፎቶ ነቅላ በፎጣ ጠቀለለችው። ትልቁን ድስትም ካርቶን ውስጥ ከተተችው።

"ለሁለት ሳምንት ድስት ምን ያደርግልናል?" አልኳት።

"ሀገር ቤት ሰው ይበዛል" አለችኝ። አመንኳት።

ኤርፖርት ላይ ፓስፖርታችንን የተቀበለው ወጣት ፖሊስ የእኛን ሦስቱን ለብቻ፣ የአባቴን ለብቻ አደረገ። ከዚያ አባቴን "ነሃኢ?" አለው። የመጨረሻ መውጫ ነው ወይ ማለቱ ነው። አባቴ ቀስ ብሎ "ነዓም"፣ አዎ፣ አለ። እኔ ነሃኢ የሚለውን ቃል የማውቀው ከትምህርት ቤት ነው፤ የተርሙን መጨረሻ ፈተና በአረብኛ እንደዚያ ነበር የምንለው። ስለ ፈተናዬ የጠየቀው መስሎኝ በተንጠራራ አንገት "ገና አልተፈተንኩም፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሼ እፈተናለሁ" አልኩት፣ በጥሩ አረብኛ። ፖሊሱ አየኝ፤ ከዚያ አባቴን አየው። ማኅተሙን መታና ፓስፖርቶቹን በመስታወቱ ሥር ገፋቸው። አባቴ ፓስፖርቶቹን ሰብስቦ እጄን ያዘኝ።

የአባቴ ሀገር ሐርቡ የደረስነው በማግስቱ ነው፣ ማሽላው ሰው ከፍታ በደረሰበት ጊዜ። ያን ሁለት ሳምንት ያየሁትን ሰውዬ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁትም። አባቴ ይስቃል። መንገድ ላይ በልጅነት ስሙ የሚጠሩት ሰዎች አሉ፤ ሲጠሩት ሮጦ ይሄዳል። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ቦርከና ወንዝ ውስጥ ይገባና ወንድሜን በትከሻው ይዞ ይሻገራል። ሸንኮራ በጥርሱ ልጦ ያቀብለናል፤ ጣቶቻችን እስኪጣበቁ እንመጥጣለን። አንድ ቀን ወደ ማምሻው ከማሽላው ውስጥ የሰው ዘፈን መጣ። የሚያምር ድምፅ ነበር። ማን ነው ብዬ እናቴን ስጠይቃት "አባትሽ ነዋ" አለችኝ። "ድሮ እንዲህ ነበር" አለችና በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። እየሳቀች መስሎኝ አብሬያት ሳቅኩ።

የመመለሻው ቀን ጠዋት ቦርሳዬን አዝዬ ወጣሁ። በሩ ላይ አንዲት ትንሽ ሻንጣ ብቻ ቆማለች፤ የአባቴ።

"የእኛዎቹስ?" አልኩት።

ቁጢጥ ብሎ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። "አንቺና ወንድምሽ ከእናታችሁ ጋር ትቆያላችሁ። እኔ እየመጣሁ አያችኋለሁ።"

"ፈተናዬስ?"

መሬቱን በጣቱ ጫር ጫር ሲያደርግ ቆየና "ዩኒፎርምሽን ይዘሻል አይደል? ልበሺ" አለኝ። ሐሳቡን የቀየረ መሰለኝ፤ እየሮጥኩ ለበስኩ። እጄን ይዞ ከአስፋልቱ ማዶ ወዳለው ትምህርት ቤት ወሰደኝ። ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተነጋገረ፣ ሁለቴ ሦስቴ እጅ ነሳው። ከዚያ በሪያድ ዩኒፎርሜ፣ ሦስት ልጆች ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ በሰጡኝ አግዳሚ ላይ አስቀመጠኝ። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ ያየኛል። አባቴ "ጎበዝ" ብቻ አለኝና ወጣ።

ጥቂት ቆይቶ አስፋልቱ ላይ የሚኒባስ ረዳት "ከሚሴ! ከሚሴ!" ሲል ተሰማ። በር ተዘጋ፤ ሚኒባሱ ማርሽ እየቀየረ ሄደ። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ስለ ክፍልፋይ ያስረዳ ነበር። ግማሹ አማርኛ አልገባኝም።

ያን ፈተና ሳልፈተን ቀረሁ፤ ስድስተኛን እንደገና ጀመርኩ። ልጆቹ "አረቧ" ይሉኝ ነበር፤ ኋላ ሰለቻቸውና ተዉኝ። ሪያድ የቀረችው ጓደኛዬም ቤተሰቦቿ ወጡ ሲባል ሰማሁ፤ ወዴት እንደሄዱ የሚነግረኝ አላገኘሁም። አባቴ ሁለቴ መጥቶ አይቶናል። በሦስተኛው የመጣው ስኳር ዓይኑን ይዞበት፣ መንዳት ከልክሎት ነው። ከዚያ ሪያድ አልተመለሰም። ቤቱም ወንድሜም ወደ እኔ ማየት ጀመሩ። አሥረኛን ጨርሼ፣ ዕድሜዬ ሲፈቅድ፣ በኤጀንሲ እዚህ መጣሁ። ማዳም መጀመሪያ ቀን አፌን ስትሰማ "አንቺ የየት ነሽ?" ብላ ሳቀች። የዚሁ ነኝ አልኳት። ቀልድ መሰላት።

አሁን በየዓርቡ እደውልለታለሁ። ጨርሶ አያይም። ስለ ደሞዜም ስለ ጤናዬም ብዙ አይጠይቀኝም፤ የሚጠይቀኝ ስለ መንገዶቹ ነው። የነዳቸውን መንገዶች በሐሳቡ ይሄድባቸዋል መሰለኝ። ባለፈው "ጀራዲያ ሄደሽ አየሽ?" አለኝ።

ሄጄ ነበር። የነበርንበት ሕንፃ ፈርሶ በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ጎረቤቶቹም የሉም።

"አየሁት ባባ" አልኩት።

"ሥሩ የአፍጋኑ ዳቦ ቤት ነበር። አለ?"

"አለ።"

"ጠዋት ጠዋት ሰው ይሰለፋል?"

"እስከ ጥግ ድረስ ይሰለፋል።"

ከዚያ ፊቱን ከስልኩ አዞረና እናቴን ተጣራ።

"ሰማሽ? ዳቦ ቤቱ አለ" አላት። "እዚያው ነው አለችኝ።"