ጠበቅ ይበል ወይስ ላላ?

ሰፈሩ «ሰፊው» ይለዋል። ከጎን ሲታይ የመርፌ ታላቅ ወንድም ስለሚመስል፣ ስሙን ብቻ ሰምቶ የመጣ እንግዳ ሰው አንገቱን አዙሮ ሌላ ሰው ይፈልጋል። ልብስ ሰፊ ለማለት ነው እንጂ ወገቡስ ከሜትሩ ብዙም አይወፍርም። የስፌት መኪናው ከቤቱ የፊት ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ደንበኛ ሲገባ ሜትሩን ከአንገቱ ያወርድና «ጠበቅ ይበል ወይስ ላላ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ሳይጠይቅ መቀስ አንስቶ አያውቅም። ይህ ጠንቃቃነቱ ግን ጨርቅ ላይ ያበቃል።

ባለቤቱ የውሃ መሥሪያ ቤቱ የሌሊት ስልክ ተቀባይ ናት። ቧንቧ የፈነዳበት ሰው ሁሉ ሌሊቱን ሙሉ የሚቆጣው እሷን ነው። እሷ ሌሊት በምትሠራበት ሳምንት፣ ጠዋቱ ከነልጆቹ የሰፊው ነው። ልጆቹ ሁለት ናቸው። ማሙሽ ገና መሄድ መጀመሩ ነው፤ ከጫማ ጋር ግን ከወዲሁ ተጣልቷል። ትልቋ ሦስተኛ ክፍል ናት፤ ዛሬ ደግሞ ቀኗ ነው። የትምህርት ቤቱ የዋና ቡድን የሚመረጠው ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አልጋ ላይ በሆዷ ተኝታ እግሯን ስታወናጭፍ፣ ፊቷን ልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ ነክራ ትንፋሽ ስትይዝ ነው የከረመችው። ባለፈው ዓመት ጉንፋን አስቀርቷታል። ዛሬ ውሃ ካልገባች፣ እስከሚመጣው ዓመት ገንዳው ዳር ቆማ ለሌሎች ማጨብጨብ ነው።

«አባዬ፣ ልብሴ ሰማያዊው ቦርሳ ውስጥ ነው አይደል? እማዬ እዚያ ይሆናል ብላኛለች።»

«እናትሽ ካለች አለቀ» አላት፣ ማሙሽን በብብቱ ይዞ ወተቱን እያማሰለ።

ለሰፊውም ቀኑ ቀላል አልነበረም። የባለቤቱ መሥሪያ ቤት ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ አዲሱን የውሃ ማጠራቀሚያ ሲመርቁ የሚለብሱትን ሙሉ ልብስ አሰፍተዋል፤ ኮት፣ ሱሪና ሰደርያ። ሹፌራቸው መጥቶ ይወስደዋል። እኚህን ሰው በስማቸው የሚጠራ የለም፤ ከዘበኛው እስከ ሒሳብ ሹሙ «ዋናው» ነው የሚላቸው።

ወተቱ መገንፈል ሲጀምር ስልኩ ጮኸ። ከባለቤቱ የመጣ መልእክት ነው፦

«የዋናውን ልብስ ሰማያዊው ቦርሳ ውስጥ ክተተው። አደራ።»

ሰፊው «ዋና» የሚለውን አጥብቆ አነበበው። ምን ያድርግ፤ ፊደል ላይ ጠበቀ ላላ የሚል ምልክት የለም፣ ፊት ለፊቱ ደግሞ የተሰቀለው የዋናው ሙሉ ልብስ ነው። ሴትዮዋ ግን አላልታ ነበር የጻፈችው። የልጅቷን የዋና ልብስ ማታ ከገመድ ላይ አውርዳ፣ በፌስታል ጠቅልላ የስፌት ጠረጴዛው ላይ ትታዋለች። ሰፊው ፌስታሉን ሲያይ ቁርጥራጭ ጨርቅ መሰለው።

ጥሩ ልብስ ቦርሳ ውስጥ መጠቅጠቅ መቼም አልጣመውም። ቢሆንም ባለቤቱ የመሥሪያ ቤቷን ሰዎች ታውቃለች፤ ለትልቅ ሰው በቦርሳ መላክ ክብር ነው ብላ ይሆናል። እጅጌውን በወረቀት ደግፎ አጠፈና ከተተ፤ ልጅቷ ስለዚሁ ቦርሳ የጠየቀችው ከወተቱ ጋር ገንፍሎ ጠፍቶበታል። ዚፑን ዘጋ፤ ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከዚያ ማሙሽ አንድ ጫማውን ባልዲ ውስጥ ስለጣለ ወደ ጓዳ ገባ።

«አባዬ፣ ሄድኩ። ቦርሳው ግን ዛሬ ከበደኝ።»

«ደብተር ነው፤ እውቀት መቼ ቀሎ ያውቃል» አለ ከባልዲው ጫማ እያወጣ።

በሩ ተዘጋ። ብዙም ሳይቆይ ተንኳኳ፤ ሹፌሩ ነበር።

«ሰፊው፣ የዋናው ልብስ ደርሷል?»

«ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አንሳና ሂድ ወንድሜ፣ እጄ ሳሙና ነው።»

ጠረጴዛው ላይ የቀረው ፌስታሉ ብቻ ነው። ሹፌሩ አነሳና ሄደ። በልቡ፣ ለካ ጥሩ ጨርቅ እንዲህ ነው የሚቀለው፣ ብሏል፤ በኋላ ራሱ ነው የተናገረው።

ማሙሽ ሁለተኛውን ጫማ በግድ ካደረገ በኋላ ሰፊው የቀዘቀዘ ሻዩን አንስቶ ሳይቀምሰው ስልኩ እንደገና ጮኸ። የዋናው ድምፅ እርጋታ ነበረው፤ የሚያስፈራውም እርጋታው ነው።

«ሰፊው፣ ልኬን ስትወስድ እኔን አይተኸኝ ነበር?»

«አዎ ጌታዬ።»

«እዚህ የደረሰኝ ሮዝ ነው። ደረቱ ላይ ዳክዬ አለበት። ዳክዬዋን ተውና፣ እግሬን በየት በኩል ነው የማስገባው?»

ሰፊው ወደ ጠረጴዛው ዞረ። ፌስታሉ የለም፤ ቦርሳውም የለም። መልእክቱን አውጥቶ አሁን አላልቶ አነበበው። ሻዩ እንደተያዘ ቀረ።

«ጌታዬ፣ የእርስዎ ልብስ ዋና ሄዷል።»

«የት ሄዷል?»

«መዋኛ ገንዳ። ልጄ ጋር ነው። እጅዎ ላይ ያለውን ሦስት ሰዓት ላይ ካላገኘችው ውሃ አትገባም።»

ከወዲያ ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። «እንግዲህ እኔም ያለ ሱሪ አልመርቅም። በመኪና እንመጣለን፤ ደጅ ቆመህ ጠብቀን።»

ማሙሽን ለጎረቤቲቱ ሰጣት። ሰፈሩ ሬዲዮ ይላታል፤ ልጅ ስትይዝ ክፍያዋ ወሬ ነው።

«ምን ተፈጠረ አንተ?»

«ስመለስ እነግርሻለሁ፣ እትዬ።»

«ከነዝርዝሩ ነው» አለችና ልጁን ተቀበለች።

መኪናው ውስጥ ዋናው በቤት ሱሪ ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ፌስታሉ ጭናቸው ላይ ነው። መንገዱ ተዘጋግቶ ሹፌሩ ጥሩምባ ሲነፋ፣ ዋናው ሰዓታቸውን እያዩ «ሕፃኗ ትጠብቃለች፤ በዚያኛው ሂድ» አሉት። ሰፊው የሰማው ደግ ቃል ይኸው ብቻ ነበር።

ሲደርሱ ሦስት ሰዓት አልፏል። ሰፊው ፌስታሉን ነጥቆ ሮጠ። ከገንዳው ዳር ልጆች ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ውሃው ውስጥ አንድ ጥቁር ነገር እየተንቦራጨቀ ወደ ማዶው ግድግዳ ይሄዳል።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ነበር። ትልቋ መልበሻ ክፍል ቦርሳውን ስትከፍት የወንድ ሱሪ ወጣ። ጓደኞቿ ሳቁ፤ እሷ ግን የልብስ ሰፊ ልጅ ናት። ኮቱን አየችው፣ እጅጌው ይይዛታል። ሰደርያው እጅጌ የለውም። ከኋላው ማጥበቂያ ዘለበት እንዳለው ታውቃለች፤ ራሷ ናት ለአባቷ ያቀበለችው። ከስፖርት ቁምጣዋ በላይ ለበሰችውና ዘለበቱን እስከ መጨረሻው ሳበችው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለቻት አሰልጣኟ።

«አባቴ የሰፋው ነው» አለች። ውሸት የለበትም።

እጇ ግድግዳውን ሲነካ ሁለት ልጆች ገና ከኋላዋ ነበሩ። ሰፊው ፌስታሉን እንደያዘ ቆመ። ዋናው ከጎኑ ደረሱ።

«ሰደርያዬ ነው?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ቀለሙ አይለቅም?»

ሰፊው ውሃውን አየ። «እስካሁን አለቀቀም።»

አሰልጣኟ ልጅቷን ጎትታ ስታወጣ ከሰደርያው ኪሶች ውሃ ወረደ። «ይሄን ሁሉ ጨርቅ ተሸክማ ከደረሰች፣ ስታወልቀው ማን ይይዛታል። ቡድኑ ውስጥ ገብታለች» አለች። ትልቋ አባቷን ስታይ መጀመሪያ ያለችው «ዘለበቱ ጥሩ ነው፣ አባዬ» ነው።

ዋናው ኮትና ሱሪያቸውን መልበሻ ክፍል ለብሰው፣ እርጥቡን ሰደርያ ለሹፌሩ አስይዘው ሄዱ። ምርቃቱ ላይ ኮታቸውን ቆልፈው ቆሙ፤ ሰደርያ መኖር እንደነበረበት ከሬዲዮ በቀር ያወቀ የለም።

ባለቤቱ ከሌሊት ሥራ ገብታ ሁሉን ስትሰማ «ዋና እኮ ነው ያልኩህ» አለችው፣ አላልታ።

«አንብቢው እስቲ።»

ስልኩን ተቀብላ አነበበች፤ አንዴ አላልታ፣ አንዴ አጥብቃ። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታው ተኛች፤ ብርድ ልብሱ ግን ከሳቋ የተነሳ ሲንቀጠቀጥ ቆየ።

ከቀናት በኋላ ሹፌሩ ሰደርያውን ይዞ መጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሲደርቅ ተሰብስቦ ዋናው ላይ አልቆለፍ ብሏል። «ለማን ነው የምሰጠው?» አለ ሰፊው። ሹፌሩ ስልኩን አውጥቶ ዋናው የጻፉለትን አሳየው፦ «ለዋናዋ ይሁን።»

«ጠበቅ ይበል ወይስ ላላ?»

«ምኑ?»

«ቃሉ። ሲጠብቅ የቤቱ ዋና፣ ሚስቴ ናት። ሲላላ የልጅቷ ዋና፣ መዋኘቷ ነው።»

«እኔ ሹፌር ነኝ» አለ ሹፌሩ።

ሰፊው ዘንድሮ በግምት አይሠራም። ሚስቱን ከእንቅልፏ ቀስቅሶ ሊጠይቃት ወደ ጓዳ ገባ። ሲመለስ ሰደርያው ጠረጴዛው ላይ የለም። ትልቋ ሰማያዊውን ቦርሳ አንግታ ከደጅ ወጥታለች።