የእናቴ ድብልቅ

እናቴ በርበሬ በረንዳ ገበያ ውስጥ የምትታወቀው በማደባለቅ ነው። የማረቆውን በርበሬ ከአላባው ጋር እያዋሃደች ከጎረቤት ሱቅ የማይገኝ ቅላት ታወጣለች፤ መጠኑን ለእኔ ለልጇ እንኳ አትነግርም። እናም ቅመም ወደ ውጭ የሚልክ አንድ ድርጅት ዕቃችንን የምታይ ወጣት ሲልክ፣ እናቴ እንግዳዋን ለማክበር ብላ ከየጆንያው ምርጥ ምርጡን አውጥታ፣ ጠዋቱን ሙሉ በእጇ ስታደባልቅ ቆየች።

ልጅቷ ክምሩን አይታ ፈገግ አለች። «እትዬ፣ በጣም ያምራል። እኔ ግን የመጣሁት የትኛው በርበሬ ከየትኛው ገበሬ እንደመጣ ለማወቅ ነበር። አሁን በምን ይለያል?»

እናቴ ተቆጣች። «የተሰረቀ የምሸጥ መስሎሽ ነው?»

«እርስዎን ተጠራጥረን አይደለም። ገዢዎቹ ስለ ሠራተኞቹ ይጠይቁናል። ሕፃናት ይለቅሙ እንደሆነ፣ በርበሬውን የሚቀነጥሱት ሴቶች እጃቸው ላይ የሚያጠልቁት ነገር እንዳላቸው።»

እናቴ ጎንበስ ብላ እጆቿን አየች። እስከ አንጓዋ ቀልተዋል። ልጆች ሆነን ስናለቅስ እንባችንን የምትጠርግልን በነጠላዋ ጫፍ ነበር፤ እጇ ዓይናችንን ያቃጥለን ነበርና። እናት ሁሉ እንደዚያ የምታደርግ ይመስለኝ ነበር።

ልጅቷ እንደሄደች እናቴ የማረቆውን በርበሬ ለሚያቀርብልን ሰው ደወለች። ሁልጊዜ ከሰላምታ ቀጥሎ የምትጠይቀው ዋጋ ነው። ያን ቀን ግን «የሚቀነጥሱልህ ሴቶች» አለችው፣ «የልጆቻቸውን እንባ በምን ነው የሚጠርጉት?»