የዓሣዋ ጉርሻ

ዱሉዝ ከተማ በምሠራበት መጋዘን ውስጥ አሥር ሰዓት ቆሜ ስውል ወገቤ የእኔ አይመስለኝም። ጎረቤት ከተማ ኖርክሮስ ወዳለው አፓርታማችን ስገባ ግን ወንበር ፍለጋ አልሄድም፤ መጀመሪያ የዓሣውን ገንዳ ነው የማየው። ያለኝ ቅንጦት እሱ ብቻ ነው። የጨው ውሃ፣ ነጭ ቀለበት ያላት ክላውንፊሽ የምትባል አንዲት ብርቱካናማ ዓሣ፣ እሷ የምትጠለልበት አኒሞኒ። አኒሞኒ አበባ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። ጤና ሲሆን ጣቶቹን ዘርግቶ ይወዛወዛል። ያን ሰሞን እንደተጨመቀ ካልሲ ተኮማትሮ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ እንዲህ ከሰነበተ መሞቱ ነው።

ውሃውን ስመረምር ቆሻሻው ከልክ አልፏል። ስለዚህ በየሁለት ቀኑ ባልዲ ተሸክሜ ውሃ እቀይራለሁ፣ ጨው እበጠብጣለሁ፣ ሙቀት እለካለሁ። በሦስተኛው ቀን ያው ነው። ምክንያቱን ካወቅኩት ቆይቻለሁ፤ ያቃተኝ መናገሩ ነው። ምክንያቱ እናቴ ነበረች።

እናቴ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። እዚህ አገር መኪና የማይነዳ ሰው ታስሮ እንደመዋል ነው። ቀኑን ሙሉ የምታናግረው ሰው ስለሌላት ዓሣዋን ትቀልባለች። አንድ ቀን ክላውንፊሿ ትልቁን ፍርፋሪ በአፏ ይዛ ሄዳ በአኒሞኒው ጣቶች መሃል ስታስቀምጥ አየች። ልማዳቸው ነው። እናቴ ግን፣ «አየሃት? አጎረሰችው እኮ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሳት። የዓሣ ምግብ አልበቃ ብሏት የተቀቀለ እንቁላል ትፈረፍርላቸው ጀመር፤ የተረፈው ውሃው ውስጥ ይበሰብሳል። አንዴ በሩን ስከፍት ገንዳው ላይ ጎንበስ ብላ፣ «በሞቴ፣ ይህቺን ብቻ» ስትል ሰምቻታለሁ።

አንድ ሐሙስ ከሥራ ስመለስ አኒሞኒው ከድንጋዩ ለቆ ጥግ ላይ ወድቋል። ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም።

«እማዬ፣ የምትገድያቸው አንቺ ነሽ» አልኳት።

እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ክፍሏ ገባች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከመስኮቱ ወዲያ የመኪና ማቆሚያ እንጂ ሌላ የለም። ውሃው እየጠራ መጣ፤ አኒሞኒውም ከሦስት ሳምንት በኋላ ድንጋዩን ጨብጦ እንደገና ተዘረጋ። «ነይና እይው» ስላት፣ «ደግ ነው፣ እንኳን ተረፈ» ትለኛለች፣ ካለችበት ሳትነሳ። የተናገርኩት እውነት ነበር። ቢሆንም አፈርኩ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ይቅርታ ልበላት እያልኩ እገባለሁ፣ ድካሙ ሶፋው ላይ ይጥለኛል፣ ሳልናገር ይነጋል።

አንድ ጠዋት ሆን ብዬ ዓሣዋን ሳላበላ ወጣሁ። ከመጋዘኑ ደወልኩላት።

«እማዬ፣ እረፍት ላይ ነኝ። ዓሣዋን ሳላበላት ወጣሁ። እስቲ አንቺ አብያት።»

«እኔ?»

«አዎ፣ አንቺ።»

የነጠላ ጫማዋ ድምፅ፣ ቀጥሎም የምግቡ ዕቃ ክዳን ሲከፈት በስልኩ ተሰማኝ።

«ስንት ፍሬ ነው የሚሰጣት?»

ልጅ ሆኜ ጠገብኩ ባልኳት ቁጥር የምትጨምርልኝ ሴት ናት። ለአንድም ሰው ቆጥራ ስትሰጥ አይቻት አላውቅም።

«ሦስት» አልኳት።

«ሦስት።» ስትቆጥር ሰማኋት። ከዚያ እንደ እንግዳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንዱን ለእሱ ካጎረሰችው እኮ ለራሷ ሁለት ብቻ ነው የሚቀራት» አለች። «አራት ባደርገው ትቆጣኛለህ?»